ስምንት ነጭ፣ አንድ ጥቁር ብይ

ደንቡን እኔው አምጥቼላቸው፣ ከክለባቸው በር መለሱኝ። ዘጠኝ ሰዎች ድምፅ ሰጡ። ስምንቱ ነጭ ብይ ጣሉ፤ አንዱ ጥቁር ጣለ። አንድ ጥቁር ከወጣ ሰውየው አይገባም። ይህን ያስተማርኳቸው እኔ ይመር ስለነበርኩ የምከራከርበት አፍ አልነበረኝም። በደሉ ይኸው ነው፤ አላሳመርኩትም፣ አልጨመርኩበትም።

ይህን የቀሰቀሰብኝ የእርጥብ ሱፍ ሽታ ነው። ባለፈው በረዶ ልጄ ሰሚራ የሥራ ባልደረባዋ ሠርግ አለ ብላ ከምንኖርበት ከብሩክሊን ሴንተር ይዛኝ ወጣች። ስልኳ እየመራት ሴይንት ፖል ኮረብታው ላይ ወጥተን አንድ ትልቅ የድንጋይ ቤት በር ላይ መኪናዋን አቆመች። ቀና ብዬ ሳይ በሩ የማውቀው በር ነው። «ይህን ቤት አውቀዋለሁ» አልኳት። «ዩ ሃቭ ቢን ሂር?» አለች። ስድስት ዓመት አልኳት። «አስ ኤ ጌስት?» አለች ገርሟት። «ኮት ጠባቂ» አልኳት። «ኦህ» ብላ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ልጄ ጥሩ ልጅ ናት፤ ግን ምን እንደምትጠይቀኝ አታውቅም፣ እኔም ምን እንደምመልስላት አላውቅም። ገባን። አንዲት ቀጭን ልጅ ካፖርቴን ተቀብላ ቁጥር የተጻፈባት ወረቀት ሰጠችኝ። ክፍሏ ያችው ናት፤ መደርደሪያው ተቀይሯል፣ ሽታው ግን አልወጣም። የእርጥብ ሱፍ፣ የናፍታሊን፣ እንጨቱ ውስጥ ገብቶ የቀረ የሲጋራ ሽታ። ዛሬ ቤቱን ገንዘብ ያለው ሁሉ ለአንድ ቀን ይከራየዋል። በኔ ጊዜ ገንዘብ ብቻውን አያስገባም ነበር።

ያኔ የወንዶች ክለብ ነበር። ስሙን አልጠራውም። የባንክ ሰዎች፣ የጠበቃ ቤት ባለቤቶች፣ አያቶቻቸው በእንጨትና በዱቄት የከበሩ ሰዎች ምሳ የሚበሉበት፣ ከምሳ በኋላ በቆዳ ወንበር ላይ ጋዜጣ ፊታቸው ላይ ጥለው የሚያንቀላፉበት ቤት ነው። ሴቶች በዋናው በር መግባት ከጀመሩ ገና ጥቂት ዓመታቸው ነበር፤ ሽማግሌዎቹ አሁንም ሴት በደረጃው ስትወጣ ሲያዩ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ሥራዬ ኮት መቀበል፣ ማንጠልጠል፣ መመለስ ነው። እዚህ አገር በበረዶ ወራት ኮት ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። የግመል ጠጉር አለ፣ ካሽሚር አለ፣ ትከሻው ላይ ቆዳ የተደረበ አለ፤ ከኮቱ ጋር የሐር ስካርፍ፣ ከስካርፉ ጋር ጓንት፣ ከጓንቱ ጋር ጫማ ላይ የሚደረብ የጎማ ጫማ። በኔ ጊዜ የቁጥር ወረቀት አልነበረም። አንገትጌው ውስጥ የባለቤቱ ስም በክር ተጠልፏል፤ ጠባቂው ስሙን አይቶ እንዲመልስ ነው። እኔ ደግሞ ማንበብ አልችልም ነበር።

አዎ፣ አልችልም ነበር። በአርባ ዓመቴ ስሜን መጻፍ አላውቅም። ኮምቦልቻ የመኪና ጫኝ ነበርኩ፤ ፊደል ቁጠሩ ተብሎ ሰው ሁሉ በሰፈር ሲሰበሰብ እኔ በኋላ በር እየወጣሁ ጭነት ላይ ነበርኩ። ጅቡቲም እንዲሁ፣ እዚህም እንዲሁ። ከመድኃኒት ቤት የንባብ መነጽር ገዝቼ ኪሴ ውስጥ ይዤ እዞር ነበር፤ ወረቀት ሲሰጠኝ መነጽሬን ረሳሁ እላለሁ። ስለዚህ ኮቱን በስም ሳይሆን በራሱ ያዝኩት። በክብደቱ፣ በሽታው፣ ኪሱ ውስጥ ባለው ነገር፣ ቁልፉ በላላበት ቦታ። በትልቅ ግብዣ ቀን ያ ሁሉ ኮት በክንዴ ያልፋል፣ አንድም ቀን ግን ኮት አላምታታሁም። ሰዎቹ ከደረጃው ሲወርዱ ገና ሳይጠይቁኝ ኮታቸውን ዘርግቼ እጠብቃቸዋለሁ። አእምሮዬን እያደነቁ ሻይ መጠጫ ሰጡኝ። ድንቁርናዬ እንደሆነ የሚያስተውል አልነበረም።

ከሁሉም የምወደው አንድ ሽማግሌ ነበር፤ ራኩን ከሚባል እንስሳ ጠጉር የተሠራ፣ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ኮት ይለብሳል። በልቤ ስሙ ራኩን ነው። ሰው ሳይመጣ በአራት ተኩል ይመጣና የኮት ክፍሉ ባንኮኒ ላይ ተደግፎ ያወራኛል። የቤቱን ሥርዓት ሁሉ ከለንደን ነው የቀዳነው ይለኛል። ከሁለት መቶ ምናምን ዓመት በፊት ለንደን ውስጥ ቡና ቤት ሳንቲም ያለው ሁሉ የሚገባበት ነበር አለኝ፤ ጌታውም ነጋዴውም አንድ ጠረጴዛ ላይ። ከዚያ ጌቶቹ ይህ አልጣማቸውም። አንዱን የቸኮላታ መሸጫ ይዘው በሩን ዘጉና ክለብ አሉት። ለመግባት አባላቱ ይመርጡሃል፤ ነጭና ጥቁር ኳስ ይሰጣቸዋል፣ ሳጥን ውስጥ እጃቸውን አስገብተው አንዱን ይጥላሉ፣ ማን ምን እንደጣለ አይታይም፣ አንድ ጥቁር ከተገኘ አበቃ። ከዚያ በኋላ ቁማር ነው። መሬታቸውን፣ ቤታቸውን በአንድ መቀመጫ ያስይዛሉ። ለዕድል ብለው ባለ ጥልፍ ኮታቸውን ገልብጠው ይለብሱ ነበር ሲለኝ እኔ ኮት ጠባቂው ሳቄ መጣ። በማንኛውም ነገር ይወራረዳሉ፣ ውርርዳቸውንም በመዝገብ ይጽፋሉ። አንድ ቀን አንድ ሰው በሩ ላይ ተዝለፍልፎ ወደቀ፤ ሞቷል አልሞተም ብለው ተወራረዱ፤ ሐኪም ሊረዳው ሲመጣ ሞቷል ያሉት ውርርዱን ታበላሽብናለህ ብለው ተቆጡ ይባላል። ራኩን ይህን ሲነግረኝ እስኪያስለው ይስቃል። እኔ አልሳቅኩም። መንገድ ላይ የወደቀ ሰው ብዙ አይቻለሁ።

እዚያም ቤት ሳጥኑ አለ። በዓመት ሁለት ጊዜ ይወጣል። ጥቁር እንጨት ነው፤ ከፊቱ ክብ ቀዳዳ፣ ቀዳዳው ላይ እንደ እጅጌ የተሰፋ ቆዳ። ነጭ ጓንት አድርጌ ከወንበር ወንበር የምዞርበት እኔ ነበርኩ። ራኩን «ፊትህን ወደ መስኮቱ አዙር» ብሎ አስተማረኝ። ስንቱ ሀብታም በዚያ ሳጥን ሲመለስ አየሁ። ማንም አይሰደብም፣ ማንም አይጣላም። ወይ ጉድ፣ ይሄ ለኛ ሰው ነበር የሚያስፈልገው አልኩ በልቤ።

እውነቴን ነው። የኛ ሰው ያኔ ጥቂት ነበር። ቤንዚን አንድ ዶላር ከጥቂት ሳንቲም፣ ወደ አገር ቤት ስልክ ግን ደቂቃው ከሁለት ዶላር በላይ፤ ስለዚህ ሰው በደብዳቤና በካሴት ነበር የሚነጋገረው። ዘፈኑ ከካሴት ወደ ካሴት ሲገለበጥ ድምፁ እየቀጠነ ሄዶ ወንዱ ዘፋኝ እንደ ሴት ይሰማ ነበር፤ እኛ እንደዚያው ወደድነው። ዳውንታውን ፓርኪንግ ውስጥ በየመስታወት ቤቷ፣ እግሩ ሥር ማሞቂያ ይዞ የተቀመጠው ሁሉ አበሻ ነበር። እሑድ ሲሆን ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ ካለው የአሮጌ ልብስ መደብር የተገዛ፣ ደረቱ ላይ የሚደረብ ሱፍ፣ ከፊቱ የተሰበሰበ ሰፊ ሱሪ፣ አበባ ያለበት ሰፊ ከረባት ይለበሳል። ለብሶ የሚኬድበት ግን የለም። በየሰው አፓርትመንት እንሰበሰባለን፣ ካርታ እንጫወታለን፣ ከዚያ አንድ ያልተጠራ ሰው ይመጣል፣ ፖለቲካ ያነሳል፣ ሲኒ ይወረወራል፣ ሚስቶች ያለቅሳሉ። አትምጣ የሚለው ሰው የለም። ይሉኝታ ነዋ። ፊቱን እያየህ እንዴት አትምጣ ትለዋለህ።

በመጨረሻ ዘጠኝ ሰዎች ተሰባስበው ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ ከተዘጋ ልብስ ሰፊ ቤት ሥር ያለ ቤዝመንት ተከራዩ። ከዘጠኙ የማነሳላችሁ ሦስቱን ነው። አቶ መኮንን ሰብሳቢ ነበር፤ የሕንፃ ጥገና ሠራተኛ፣ እጁ የማይሠራው ነገር የለም። ከድር ባለ ታክሲ ነው፤ የአገሬ የኮምቦልቻ ልጅ፣ ቀልደኛ፣ ምላሱ ሰው አይመርጥም። ሦስተኛው ሽፈራው፣ ደሴ የአንደኛ ደረጃ መምህር የነበረ፣ እዚህ ሻኮፒ ከተማ ፋብሪካ ውስጥ ካርቶን የሚያሽግ፤ ያኔ መምህር እያልኩ አንቱ እለው ነበር። ለእናቴ ደብዳቤ የሚጽፍልኝ፣ መልሷን የሚያነብልኝ እሱ ነው። ማንበብ አለመቻሌን እሱ ብቻ ነው የሚያውቅ ብዬ ነበር የማምነው። ኪራዩ ሲፈረም ጠሩኝ፤ ፊርማ ስለሆነ ሺፍት አለኝ ብዬ ቀረሁ። በዚህ ነው ከመሥራቾቹ ያልተቆጠርኩት። ስለ ሳጥኑ ግን እኔ ነገርኳቸው። ስነግራቸው ዓይናቸው በራ። «ማለትም ሰውየውን ሳላስቀይም ላስቀረው እችላለሁ?» አለ መኮንን። ትችላለህ አልኩት። በሳምንቱ ከኮምፖርሳቶ ሳጥን ሠርቶ መጣ፤ ለቀዳዳው የአሮጌ ጃኬት እጅጌ ቆርጦ ቸነከረበት። ከድር ከመጫወቻ መደብር ነጭና ጥቁር ብይ ገዛ። ለያንዳንዱ ሰው አንድ ነጭ አንድ ጥቁር ይሰጣል፤ አንዷን ሳጥን ውስጥ ይጥላል፣ የቀረችውን ጨፍኖ ይዞ የጨርቅ ከረጢት ውስጥ ይከታል። ሌላም ደንብ አወጡ፦ በየእሑዱ አንድ አባል በተራው ቆሞ ከአዲስ አበባ የመጣውን፣ የሦስት ሳምንት ዕድሜ ያለውን ጋዜጣ ጮክ ብሎ ያነባል። እኔ ያንን ደንብ ስሰማ መነጽሬ አለ አልኩ። የሞኝ ነገር።

ሳጥኗ የተመረቀች ዕለት መኮንን «በይመር እንጀምር፤ ያመጣት እሱ ነው፣ ለሱ ይገባዋል» አለ። ለወጉ ነው፤ ውጤቱን የተጠራጠረ የለም። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ከጣሪያው ሥር ባለችው መስኮት የአላፊው እግር ይታያል። ተመራጩ ውጪ ይጠብቃል ይላልና ደንቡ ደረጃው ላይ ወጣሁ። ስወጣ ከድር ከኋላዬ «ኧረ ቆይ፣ ኮት ጠባቂው አባል ከሆነ ኮታችንን ማን ሊጠብቅልን ነው?» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም እንደ መሳቅ አልኩ። ደረጃው ላይ ቆሜ ብይ ከኮምፖርሳቶ ጋር ሲጋጭ ሰማሁ፤ አንድ፣ ሁለት፣ እስከ ዘጠኝ። የሳጥኗ መሳቢያ ሲከፈት ሰማሁ። ብዙ ቆየ። በመጨረሻ መኮንን «ይመር፣ እስቲ ውረድ» አለ። ወረድኩ። ጠረጴዛው ላይ ስምንት ነጭ፣ አንድ ጥቁር። ሁሉም ጫማቸውን ያያሉ።

«የሆነ ስሕተት አለ» አለ መኮንን። «እንድገመው።»

«ደንቡ ድጋሚ የለውም» አልኩ።

«ደንቡማ የኛ ነው፣ እኛው ያወጣነው...»

«ድጋሚ የለውም አልኩህ» ብዬ ባርኔጣዬን አደረግሁ።

ማንም አልተከተለኝም፣ ከከድር በቀር። ጃኬት ሳይደርብ በረዶው ላይ ወጥቶ «ይመር፣ ላድርስህ፤ ብርዱ አጥንት ይገባል» አለኝ። «አንተ ታክሲ ውስጥ ከምገባ በረዶው ይሻለኛል» አልኩት። ሌላ ጊዜ ምላሱ የማያርፈው ሰው አንገቱን ደፍቶ ወደ ቤዝመንቱ ተመለሰ። እኔም ይኸው ማስረጃው አልኩ። ኮት ጠባቂ ያለኝ እሱ፣ ጥቁሯን የጣለ እሱ። ከሱ ጋር ሰላምታ አቆምኩ።

ክለቡ ደመቀ። ያስቃችኋል፣ ሰዉ ሁሉ የሚጠራው በኔ ስም ነበር። ሳጥኗን ያመጣት ይመር ነው ስለተባለ፣ ይመር ቤት እንገናኝ፣ ይመር ቤት ስንት ሰው አለ ይባባላሉ። አንድ ጊዜ አውቶቡስ ስጠብቅ በቅርብ የመጣ ልጅ ጠጋ አለኝና «ጋሼ፣ ይመር ቤት የሚባለው በየት በኩል ነው?» አለኝ። ቀጥ ብለህ ሂድ፣ የተዘጋ ልብስ ሰፊ ቤት ታገኛለህ፣ ከሥሩ ነው አልኩት። አመስግኖኝ ሄደ።

ያን ጊዜ ነው ማንበብ የጀመርኩት። ለትምህርት ፍቅር አይደለም፤ ለንዴት ነው። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ጡረታ የወጡ አንዲት ነርስ ትልልቅ ሰዎችን ያስተምሩ ነበር፤ እንግሊዝኛውን እሳቸው ጋ ጀመርኩ። የአማርኛ ፊደል ገበታ ደግሞ ካንዱ ልጅ ገዝቼ ኮት ክፍሉ ውስጥ፣ ከራኩን ኮት መስቀያ ጀርባ ለጠፍኩ። ሰዎቹ ምሳ ሲበሉ እኔ ኮት መካከል ቆሜ ሀ ሁ እላለሁ። አርባ ዓመት አልፎህ ሀ ሁ ማለት ምን እንደሚመስል አልነግራችሁም። ራኩን አንድ ቀን ገበታውን አየው። በማግስቱ ስለ ድሮ የለንደን ክለቦች የተጻፈ ወፍራም መጽሐፍ ባንኮኒው ላይ ትቶልኝ ሄደ። አንድ ሙሉ በረዶ ፈጀብኝ፤ ገጹን በሁለት ቀን፣ አንዳንዴ በሦስት። የነገረኝ ሁሉ እውነት ነው። ያልነገረኝም ነበረበት። እነዚያ ትልልቅ ክለቦች ስማቸውን ያገኙት ከጌቶቹ አይደለም። አንዱ በአስተናጋጅ ስም ይጠራል፣ አንዱ በወይን ሻጩ፣ አንዱ ከጣሊያን አገር መጥቶ ቸኮላታ ይሸጥ በነበረ ሰው። ጌቶቹ በአሽከሩ ስም በተጠራ ቤት ይቀመጣሉ፤ አሽከሩ ሳህን ይዞ ይቆማል። እዚያ ገጽ ላይ መጽሐፉን ዘግቼ ለብዙ ቀን አልከፈትኩትም። ሰው በተጻፈ ነገር ሊሰደብ እንደሚችል ያወቅሁት ያኔ ነው፤ ማንበብ ያመጣልኝ የመጀመሪያ ነገር እሱ ነበር።

በዚያው መካከል የከድር እናት ኮምቦልቻ ላይ ሞቱ። እማማ ሐዋን አውቃቸዋለሁ። ጭነት ላይ እያለሁ ደጃፋቸው ላይ ውሃ ሰጥተውኛል፣ አንዴ ሳይሆን ብዙ ጊዜ። ኒው ሆፕ በሚባል ሰፈር ባለው የከድር አፓርትመንት ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጡ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ በክለቡ ምክንያት የተኳረፈውም ሄደ። ሽፈራው ቤቴ ድረስ መጥቶ «ይመር፣ ለቅሶ ነው፤ በለቅሶ ቂም አይያዝም፤ ተነሥ እንሂድ» አለኝ። አልሄድም አልኩት። «ምን አደረገህ?» አለኝ። «እሱ ያውቃል» አልኩት። ሽፈራው በሩን ይዞ ቆመ፤ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ብቻውን ሄደ። እኔ ኦቨርታይም ገባሁ። ያን ቀን የማንን ኮት እንዳንጠለጠልኩ ዛሬም አስታውሳለሁ። ለቅሶ መቅረት ምን ማለት እንደሆነ ለሰሚራ ላስረዳት ሞክሬ ነበር። «ሶ ዩ ሚስድ ኤ ፊውነራል፣ ዳድ» አለችኝ። እንዴት ብዬ ልንገራት። አገር ቤት ቢሆን ሰው በኔ ለቅሶ እንዳይመጣ የሚያደርግ ነገር ነው።

ዓመታት እንዲህ አለፉ። ሽፈራው እንደ ልማዱ በወር አንድ ቅዳሜ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ይመጣል፤ ለእናቴ የምለውን እነግረዋለሁ፣ ይጽፋል። አንድ ቅዳሜ ሲመጣ ጠረጴዛው ላይ የተጻፈ ወረቀት አስቀምጬ ጠበቅሁት።

«ያንብቡት» አልኩት።

አነበበው። ገልብጦ ጀርባውን አየ፤ ጀርባው ባዶ ነው። እንደገና አነበበው። «ማን ጻፈልህ?» አለኝ።

«እኔ።»

መነጽሩን አውልቆ ቁጭ አለ። እንኳን ደስ ያለህ ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። «እንግዲያው ልንገርህ» አለ። «ጥቁሯን የጣልኩት እኔ ነኝ።»

አልገባኝም። የምን ጥቁር አልኩ እንጂ፣ ሳልጠይቅም ገብቶኛል።

«ጋዜጣው ነው» አለ። «አባል ከሆንክ በተራህ ታነባለህ። ከዚያ ሁሉ ሰው ፊት አቁመው ሊያስነብቡህ ነው። መኮንን በይመር እንጀምር ሲል ደነገጥኩ፤ ጠርቼ የምነግርበት ጊዜ አልነበረም። ከሰው ፊት ከምትዋረድ፣ በማይታወቅ ሰው ተቀይመህ ብትቀር ይሻላል አልኩ።»

«በማይታወቅ ሰው?»

«እንደዚያ መስሎኝ።»

«ከከድር ጋር እኮ ነው የተጣላሁት» አልኩት። «እናቱ ሞተው አልሄድኩም። አንተ በሬ ላይ ቆመህ ነበር። እዚህች በር ላይ። አፍህን ከፍተህ ዘጋኸው።»

አንተ ስለው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። እሱም አስተዋለ፣ ግን አልከፋውም፤ የሚከፋበት ፊት አልነበረውም። «ከተናገርኩ ለምን እንደጣልኩ መናገር አለብኝ» አለ። «አንተ ደግሞ ያኔ ገና...» ወረቀቱን አሳየኝ፣ አልጨረሰውም።

«ከድር ያውቃል?»

«ያን ዕለት ነው ያወቀው። የቀረችኝ ነጭ ብይ ከእጄ አምልጣ ወደቀች፤ ጎንበስ ብሎ አንሥቶ የሰጠኝ እሱ ነው።»

እኔ የማስበው ስለ ብይዋ አልነበረም። ከድር ጃኬት ሳይደርብ በረዶው ላይ ቆሞ ላድርስህ ሲለኝ ነበር የማየው። ያን ጊዜ አውቋል። አውቆ ነው የወጣው፣ አውቆ ነው ስድቤን የተቀበለኝ። «ሂድ» አልኩት ሽፈራውን። ሄደ። እስክሪብቶውን ረስቶ ሄደ።

በማግስቱ ኒው ሆፕ ድራይቭ አደረግሁ። በሩን የከፈተችልኝ የከድር ሚስት ዘይነባ ናት። አየችኝና ነጠላዋን ራሷ ላይ አስተካክላ ከበሩ ዞር አለችልኝ። ከድር ሶፋ ላይ ሆኖ የልጁን ብስክሌት ጎማ ይነፋል። ቀና አለ።

«ምን ሆነሃል?» አለኝ። «ኮት ጠፋብህ?»

«ለቅሶ ልደርስ ነው» አልኩት።

ፓምፑን አስቀመጠ። «የማን?»

«የእማማ ሐዋ።»

«እናቴ ከሞቱ ሦስት ዓመት ሊሆናቸው ነው» አለ፣ ድምፁ ሳይቀልድ።

«አውቃለሁ።»

«ተቀመጥ እንግዲህ።»

ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ። እሱም ከሶፋው ወርዶ ከፊቴ ተቀመጠ። እጃችንን ዘርግተን ዱዓ አደረግን፤ እሱ መራ፣ እኔ አሚን አልኩ። ካበቃ በኋላም እጄን ማውረድ አቃተኝ። ደጃፋቸው ላይ የሰጡኝን ውሃ ነገርኩት፤ በየትኛው ቅል እንደነበር ሳይቀር። አያውቅም ነበር። ዘይነባ ከኩሽና በር ላይ ሆና ትሰማለች።

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት። «ሽፈራው መሆኑን።»

«ብነግርህ ለምን ጣለ ትለኛለህ። ማንበብ አለመቻልህን ከኔ አፍ ልትሰማ ነው። ከኔ አፍ ከምትሰማ እኔን ጥላኝ አልኩ።»

«ታውቅ ነበር?»

«ይመር» አለኝ፣ «ታክሲዬ ውስጥ ስንት ጊዜ ነው ኤንቨሎፕ ሰጥተኸኝ መነጽሬን ረሳሁ፣ አድራሻውን አንብብልኝ ያልከኝ? መነጽርህ ከደረት ኪስህ ብቅ ብሎ እያየኝ።»

ዘይነባ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እኔም ሳቄ ሊመጣ ነበር፤ አላመጣሁትም። «ሌሎቹስ?» አልኩ።

«ዘጠኛችንም እናውቃለን። ተራህ ሲደርስ አንተን ዘለን ወደሚቀጥለው ልናልፍ ተነጋግረን ነበር። ሽፈራው የተነጋገርን ዕለት ሺፍት ላይ ስለነበር አልሰማም። እሱ ብቻ ነው ያልሰማው።»

ይህን ሲለኝ ምን እንደተሰማኝ በደንብ አላውቅም። ደስታ አይደለም። ዘጠኝ ሰዎች እያንዳንዳቸው አዝነውልኛል፤ እንዲያዝኑልኝ የጠየቅሁት ሰው የለም። አንዱ በሐዘኔታው ከበር መለሰኝ፣ አንዱ በሐዘኔታው ጠላቴ ለመሆን ፈቀደ፣ የቀሩት በሐዘኔታቸው ሊዘሉኝ ተስማሙ። ይመር፣ እስቲ ና፣ ፊደል እናስቁጥርህ ያለኝ ግን ከዘጠኙ አንድም የለም። ይህን ለከድር ነገርኩት። «ብንልህ ትገድለን ነበር» አለኝ። ይህም እውነት ነው።

«እናቴን የበደልካቸውን እሳቸው ናቸው ይቅር የሚሉህ፤ እኔ አልችልም» አለኝ ልነሣ ስል። «የኔን ግን ትቻለሁ። እሑድ ና፣ ሳጥኗን እናውጣት። ነጭ በነጭ ይሆናል።»

«አልመጣም» አልኩት።

«ለምን? አሁን ታነባለህ አይደል?»

«ደክሞኛል ከድር።»

አልለመነኝም። መኪናዬ ድረስ ሸኘኝ፤ የፊት መስታወቱን በረዶ በክንዱ ጠረገልኝ። ከዚያ ወዲህ እሱ ወደኔ፣ እኔ ወደሱ ቤት መሄድ ጀመርን፤ አባቴ ሲሞቱ ቀድሞ የደረሰው እሱ ነው። ከሽፈራው ጋር እግዜር ይስጥልኝ እንባባላለን፣ ከዚያ አላለፈም። ሕንፃው ሲሸጥ ክለቡም ተበተነ፤ ሳጥኗ የት እንደገባች አላውቅም፣ አልጠየቅሁም። እኔ አንድም እሑድ እዚያ ቤት ተቀምጬ አላውቅም። ከድር ቤት ለቅሶ የደረስኩበት፣ ነገሩም ያለቀበት ቀን እሑድ፣ ኅዳር 6 ቀን 1991 ዓ.ም.፣ በዚህ አገር አቆጣጠር ኖቬምበር 15 ቀን 1998 ነው።